የመንጠቆ ክር የተወጠረባት ጊታርህ

አባዬ፣

አንተ ካረፍክ ወዲህ ማሽላ ሁለተኛ ጊዜ ታጨደ። ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ምኑን እንደምታውቅ፣ ምኑን እንደማታውቅ ስለማላውቅ ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ይማም አንድ ቀን ሟች የቤቱን ወሬ ይሰማል ይላል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ለሟች የሚደርሰው ዱዓ ብቻ ነው ይላል። ሁለቱንም ሲናገር ፊቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ የትኛውን እንደሚያምን ለይቼ አላውቅም። ዱዓውን አላቋረጥኩም። ወሬውን ደግሞ እነሆ።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። በራችን አዲስ ነው። የቀድሞው አንተ የሠራኸው ስለነበር አዲሱ ሲከፈት ድምፁን እስካሁን አልለመድኩትም፤ እንግዳ የመጣ እየመሰለኝ ቀና እላለሁ። የምትሠራበት ጠረጴዛ ለማገዶ ሆኗል። የእንጨት መላጊያህ ግን ከአልጋ ስር ተገኘ። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፣ እኔ ግን እንደገና ስምንተኛ ክፍል ከትናንሾቹ ጋር መቀመጥ አፍሬ ቀረሁ። ትቆጣ እንደሆነ አላውቅም። አንተ ስትቆጣ አይቼ አላውቅማ፣ ስለዚህ እንዴት እንደምትቆጣ ላስበው ብሞክርም አይመጣልኝም።

አሁን ስለ ጊታሯ ልንገርህ፤ የጻፍኩልህም ለእሷ ብዬ ነው።

የመጣችበትን ቀን ታስታውሳለህ? የለውጡ ጊዜ ነበር። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ክላክስ እየነፋ፣ ሰው በመስኮት ወጥቶ እየጨፈረ በከተማችን በሐይቅ መሀል ያልፍ ነበር። ሰው ሁሉ አዲስ ነገር ይጠብቅ ነበር፤ እኛ ቤት የገባችው አዲስ ነገር ጊታሯ ነበረች። የመጽሐፍ መደርደሪያ የሠራህለት መምህር ወደ አገሩ ሲዛወር ጀርባዋ ተሰንጥቆ ነበርና "ከጠገንካት ያንተ ናት" ብሎህ ሄደ። አንተም ከዋንዛ ስስ ቁራጭ ልገህ ከውስጥ ለጠፍክባት። ከሌላ ጊታር ስለምታንስ፣ ወገቧም ቀጭን ስለሆነ፣ እማዬ "ገና ያላደገች ናት" ብላ ሳቀች። እኔ ግን ያን ትንሽነቷን ነው የወደድኩት። ሳቅፋት ሙሉ በሙሉ ክንዴ ውስጥ ትገባለች። ክሯ ሲነካ ድምፁ ከጆሮዬ በፊት ደረቴ ላይ ይደርሳል። ሰው ፊት መናገር ለሚከብደኝ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ለማንም ሳልናገር የተናገርኩ ያህል ይቀለኛል።

አንተ ጊታር መሆኗን ከቁም ነገር አልቆጠርከውም። አምባሰል ላይ፣ ከውጫሌ በላይ ባለው መንደር በአባትህ ክራር ስላደግህ፣ ስድስት ክር ያለው ነገር ሁሉ ለአንተ ክራር ነበር። ስድስቱን ክር በአምባሰል ቅኝት ቃኝተህ፣ ጉልበትህ ላይ አቁመህ ትደረድራት ነበር። አንገቷ ላይ ያሉትን ብረቶች አንድ ቀንም አልተጫንካቸውም። ፀጉር ቤት የሚቀመጡት ልጆች በረንዳችን ላይ ሲያዩህ "ጋሼ፣ ብረቶቹ እኮ የሚጫኑ ናቸው" ሲሉህ፣ "ይሄ መሰላል ነው፤ እኔ ደግሞ ፎቅ የለኝም" አልካቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ባለ ፎቁ እያሉ ይጠሩህ ጀመር፤ አንተም አቤት ትላቸው ነበር። እኔንም ያስተማርከኝ እንደዚያው ነው። ትክክል ይሁን ስህተት አላውቅም ነበር፣ ሌላ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ጦርነቱ ደርሶ ስንሸሽ ጎተራው ውስጥ፣ ማሽላው ስር ቀበርካት። እማዬ "ሰው ነፍሱን ይዞ ይሮጣል አንተ ክር ትቀብራለህ" አለችህ፤ አንተ ግን እጅህን እስከ ብብትህ ድረስ ማሽላው ውስጥ ከተህ አደላድለህ አስተኛሃት። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። ደሴም አልሆነልንም። በእግር ቀጠልን። የስኳር መድኃኒትህ አለቀ። የተጠለልንበት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሌሎች ልጆች ትምህርት ሳይጠፋ፣ አንተ ተኝተህ ጣቶችህ ብርድ ልብሱ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር። እማዬ "በርዶት ነው" ብላ ነጠላዋን ደረበችልህ። እኔ ግን እየደረደርክ መስሎኝ ዝም ብዬ አየሁህ። እስካሁን ግራ የሚገባኝ ይህ ነው። እየደረደርክ ከነበረ ማየቴ ደግ ነው። በርዶህ ከነበረ ግን እጅህን መያዝ ነበረብኝ።

ከዚያ ያለ አንተ ተመለስን። ጎተራው ባዶ ነበር። ጊታሯ ግን አንተ በመታኸው ምስማር ላይ፣ በቦታዋ ተሰቅላ ጠበቀችን። ማሽላችንን የበሉት ሰዎች ከታች ያገኟት መሆን አለበት። አውርጄ ክሯን ስነካው ድምፁ ሌላ ነው። የተሰበረች መሰለኝ። ቀስ ብዬ ሳያት አንዷ ክር የእሷ አይደለችም። ጥርት ያለች የናይለን ክር ናት። ወደ በረንዳው ወጥቼ ከሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ የምታጠምድበትን የመንጠቆ ክር ፈለግሁ፤ ጥቅሉ አለ፣ ጫፉ ግን በጥርስ የተነከሰ ይመስል ተቆርጧል። አንድ ሰው ቤታችን ተቀምጦ፣ ያንተን የመንጠቆ ክር ቆርጦ፣ ጊታርህን ጠግኖ፣ እሱ በሚያውቀው ቅኝት ቃኝቶ፣ ወደ ምስማሯ መልሷት ሄዷል።

ጎረቤታችን እትዬ የሺን ጠየቅኳት። መራመድ ስለማትችል ቀርታ ነበርና እሷ ታውቃለች ብዬ ነው።

"ሆዴ፣ የመጀመሪያ ቀን ስሰማው አባትሽ የገባ ነው የመሰለኝ" አለችኝ። "እንኳን ደህና ገባህ ልለው በምርኩዝ እስከ አጥሩ ደርሼ ነበር። ከዚያ ሳል ሰማሁ። የአባትሽ ሳል አይደለም። ተመለስኩ።"

ከእነማን ወገን እንደሆነ ጠየቅኳት። ወታደር ይሁን፣ እንደ እኛ የተፈናቀለ ይሁን።

"ጠመንጃ ያለበት ቤት በአጥር ቀዳዳ አይታይም። ጆሮዬን ግን ማን ይከለክለኛል። በኋላ አንዱ ክር ተበጠሰበት መሰለኝ ዝም አለ። ሲመለስ ዜማው ተለውጧል፤ የሬዲዮ ዓይነት ሆኗል። ግን አይከፋም ነበር" ብላ ፈገግ ካለች በኋላ እኔን ስታየኝ ፈገግታዋን ተወችው።

አባዬ፣ ይህን ሰው ምን ላድርገው? እህላችንን በልቷል። በራችንን የሰበረው እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም። አንተ መድኃኒት አጥተህ ሌላ አገር ስትተኛ እሱ በረንዳህ ላይ ተቀምጦ ይጫወት ነበር ብዬ ሳስብ ጊታሯን ማየት ያስጠላኛል። ደግሞ ሊያነድዳት ይችል ነበር፣ ጠረጴዛህ ነድዷልና። ደግሞ ምስማሯን አልሳተም። ልጠላው ስነሳ ምስማሩ ትዝ ይለኛል፣ ላመሰግነው ስል ጎተራው ትዝ ይለኛል። ለእማዬ ብነግራት "በሕይወት ካለ አላህ ይየው" አለችኝ። ምርቃት ይሁን እርግማን አልገባኝም፣ እሷም አላብራራችልኝም።

ያንተን ቅኝት ልመልስ ብዬ መቃኛዎቹን ማዞር ጀመርኩ። ያኔ ነው የባሰው። የእሱን አጠፋሁት፣ ያንተን ግን አላገኘሁትም። በእማዬ ስልክ አምባሰል አስከፍቼ ሰማሁ። አምባሰል ነው፣ ግን ያንተ አይደለም። አንተ አንዷን ክር ከሌላው ሰው ትንሽ ዝቅ ታደርጋት ነበር፤ ምን ያህል እንደሆነ ጆሮዬ ውስጥ ያለ እየመሰለኝ ስፈልገው ይጠፋል። ድምፅህ ከቤት የወጣው ስትቀበር ሳይሆን ያን ቀን በእኔ እጅ መስሎ ተሰማኝ። ወራት ሙሉ አልነካኋትም።

የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ እንደቀረ አውቅ ነበር። ጋሼ ይማም ነው። እሱ ግን ክራር ከተወ ስንት ዘመኑ፤ አሁን መንዙማ እንጂ ሌላ አይልም። እንዴት ብዬ ልጠይቀው? አንተ ታውቀኛለህ፣ ውሃ ጠምቶኝ እንኳ የሰው ቤት ውሃ አልጠይቅም።

አንድ ቀን ከውጫሌ መጣ፣ እህል ሊያይልን። የአስር ሶላቱን ሰግዶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። እኔ ጊታሯን ይዤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ምንም ሳልል የተሳሳተውን ክር መታሁት። መፋቁን ቀጠለ። ደግሜ መታሁት። መፋቂያውን ወደ ሌላው ጥርሱ አዛወረ። ሦስተኛ ልመታ ስል አላስችለው አለ።

"አይደለም" አለ፣ ወደ ሐይቁ እያየ። "ዝቅ አድርጊው። ዝቅ… አሁን አለፍሽው፣ መልሺ። እኔ አልነካትም፤ ጆሮዬ ስለታመመ ነው የምነግርሽ።"

እንደዚያ እያለ፣ አንድ ጊዜም ወደ ጊታሯ ዞር ሳይል፣ አምስቱን ክር አቃናልኝ። የማይገባኝ ሲሆን በአፍንጫው ያንጎራጉርልኛል፤ እማዬ ከጓዳ አንገቷን አውጥታ ስታየው "ይሄ የመንዙማ ዜማ ነው" ይላታል። "እኔ ምን አልኩ" አለችው። የመጨረሻዋ ክር ላይ ስንደርስ፣ ያችው ዝቅ የምታደርጋት፣ የናይለኗ፣ ሳቁ መጣ።

"ይቺን አባትሽ ለምን እንደሚያወርዳት ነግሮሽ ያውቃል?"

አልነገረኝም አልኩት።

"አባታችን የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበር። ሲዘፍን እዚህ ላይ ሲደርስ ንፋስ እየወጣበት ድምፁ ይወርዳል። አባትሽ ሕፃን ሆኖ ስለሰማው ዜማው እንደዚያ መሰለው። ስህተት ነው ብንለው፣ አባቴ ሲል ሰምቻለሁ ብሎ እምቢ አለ። እስኪሞት እንዳወረዳት ነው።" ከዚያ መፋቂያውን ትኩር ብሎ አየውና "ዝቅ አድርጊያት እንግዲህ፤ ልክ የአባትሽ ትሁን" አለኝ።

እኔ ጥበብህ ነው ብዬ የምፈልገው የአያቴ የወለቀ ጥርስ ሆኖ ተገኘ። ልስቅ ይሁን ላለቅስ አላወቅኩም። እማዬ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው።

ከዚያ ጋሼ ይማም የናይለኗን ክር አይቶ "ይቺን በጥሺና ጣያት፣ የማን እጅ እንደነካት አይታወቅም። ደህናዋን ከደሴ አስመጣልሻለሁ" አለ። ዝም ስል እሺ ማለቴ እንዳልሆነ አንተ ታውቃለህ። እሱም ትንሽ ቆይቶ ገባው መሰለኝ "አብሽሪ፣ ያንቺ ናት" ብሎ ጫማውን አጠለቀ።

ለምን እንዳልበጠስኳት ትጠይቀኝ ይሆናል። ያንተ የመንጠቆ ክር ናት። የቆረጣት ያ ሰው ነው። ለአንዳችሁ ብቻ ልሰጣት ስሞክር አልሆንልህ አለኝ፣ ስለዚህ እንዳለች ተውኳት።

አንድ ችግር አለባት፤ አትጸናም። አምስቱ ባሉበት ያድራሉ፣ እሷ ግን ጠዋት ሳያት ረግባለች። ወደ ቦታዋ ለመመለስ ድምፅህን አስቀድሜ በልቤ መያዝ አለብኝ፤ ካልያዝኩት መቃኛውን የት ላይ እንደማቆም አላውቅም። ስለዚህ ከእማዬ በፊት ተነስቼ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ አንተን እሰማለሁ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ አዞራለሁ። አንዳንድ ቀን ቶሎ ትመጣለህ። አንዳንድ ቀን የመጀመሪያዎቹ ታንኳዎች ከሐይቁ እስኪመለሱ ድረስ እፈልግሃለሁ። ነገም ትረግባለች። ነገም እፈልግሃለሁ።

ልጅህ ዘምዘም