በግድግዳው ውስጥ ያለችው ሣጥን

ለውድ ወንድሜ ለዶናቶ፣

እንደምን ሰነበትክ? የወገብህ ሕመም ተሻለህ? ሚስትህ ኢልዳስ ደህና ናት? ልጃችሁ ኔስቶር በእግሩ መሄድ ጀመረ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ወይራ ለቀማ ላይ ነን። እኔ ግን ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል።

ላይኛው መንደር ያለው የሴቶች ገዳም ታድሶ ለጎብኚ ተከፈተ ሲሉ እማዬን ይዣት ወጣሁ። ካገባች ወዲህ ረግጣው አታውቅም። ገና ሕፃን ሳለች እዚያ በር ላይ መገኘቷን በቤታችን ማን አንስቶ ያውቃል?

በሩ አጠገብ፣ ግድግዳው ውስጥ፣ ያቺ ድሮ ሕፃን ከውጭ አስተኝተው ወደ ውስጥ ለመነኮሳቱ የሚያዞሩባት፣ የምትሽከረከር የእንጨት ሣጥን አለች። ፋቢዮ የሚባል ከከተማ የመጣ አስጎብኚ የፕላስቲክ አሻንጉሊት በፎጣ ጠቅልሎ አስተኝቶባታል! ሣጥኗን እያሽከረከረ፣ “ድሮ ያላገቡ ሴቶች ነውራቸውን እዚህ ወርውረው ይሮጡ ነበር። ኤስፖዚቶ፣ ማለትም ‘የተጣለ’፣ የሚባል ሁሉ ከዚህች የወጣ ነው። ከእናንተ መሃል አለ እንዴ?” አለ። ሰው ሳቀ፣ ፎቶ አነሳ። እኔ፣ አፈር ልብላ፣ አንገቴን ደፋሁ።

እማዬ ግን፣ “አለሁ” አለች። “ፊሎሜና ኤስፖዚቶ እኔ ነኝ። ያን ሌሊት በረዶ ጥሎ ነበር። መነኮሳቱ የእናቴን ዱካ እስከ ወንዙ ማዶ አይተውታል። መወርወር ብትፈልግ ወንዙ ነበረላት፤ እሷ ግን ተሻግራ አመጣችኝ።”

“እማማ፣ ለጨዋታ ብዬ እኮ ነው” አለ ፋቢዮ።

“በእኔ እናት ነው የምትጫወተው?”

በማግስቱ ከንቲባው ዘንድ ሄጄ አሻንጉሊቱን አስነሳ ስለው፣ “ሴትዮ፣ ሰው የሚመጣው እሱን ሊያይ ነው” ብሎኝ አረፈ። ወይ ድፍረት! በየመንደሩ እየዞርኩ ኤስፖዚቶ የሚባለውን ሁሉ ቀሰቀስኩ። ባለፈው እሑድ አሥራ አራት ሆነን ሣጥኗ ፊት ተደረደርን። ፋቢዮ ሮጦ ከንቲባውን ጠራ። ከንቲባው ራሱ መጥቶ አሻንጉሊቱን አነሳ፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን ካፉ አልወጣም። እስካሁን የሚያበግነኝ ይኼ ነው።

ቁልቁል ስንወርድ እማዬ ክንዴን ይዛ፣ “የእናቴን ስም ባውቀው ኖሮ ላንቺ አወጣልሽ ነበር” አለችኝ። ዶናቶ፣ አለቀስኩ።

ኢልዳን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ኔስቶርን ጉንጩን ንከስልኝ። ባለቤቴ ሮኮ ናፍቀኸኛል ይልሃል። እማዬ ዓይንህን ትስማለች፤ ይህን ሁሉ እንድጽፍልህም የፈቀደችው እሷው ናት።

እህትህ አሱንታ
ሞንቴሳልቮ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1979 እ.ኤ.አ.