የአውቶብሱ መጋረጃ

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ተመስገን ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ዝገት ነበር የምንገዛው።

እኔና ባሌ ታደሰ የስፌት መኪናችንን ተሸክመን ከሮቢት እስከ ጎብዬ በየገበያው መዞር ሰልችቶናል። አሮጌ አውቶብስ ገዝተን፣ ወንበሩን አስነቅለን ቤትም ሱቅም ልናደርገው ነው። ቆቦ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሁለት አውቶብሶች ቆመዋል። የአንዱን ቀለም ፀሐይ በልቶታል። ሌላው አዲስ የተቀባ፣ ዘርፍ ያለው ቀይ መጋረጃ የተሰቀለበት ነው። ልቤ እዚያው ቀረ። ታደሰንም "ቤታችን ይሄ ነው" አልኩት።

አብረውን የመጡት ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸውን በሾፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ሞተሩን እንኳ ሳያዩ፣ "ልጄ፣ እራፊ የምትጥፊው ልብሱ የት ላይ ነው?" አሉኝ።

"የተቀደደው ላይ ነዋ።"

መጋረጃውን ገለጥ አደረጉት። የመስኮቱ ሥር በዝገት ተበልቶ ውጪው ይታያል። አፈርኩ። ስንት ዓመት የሰው ልብስ ቀዳዳ ስሸፍን ኖሬ በመጋረጃ ልታለል!

ቀለሙ የጠፋው ውስጥ አስቀመጡኝና ታደሰ ጣሪያው ላይ ሁለት ጀሪካን ውሃ አፈሰሰ። አንዲት ጠብታ አልገባችም። እሱን ገዛን። ጋሽ ሰይድ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን፤ እኔም አሜን ብዬ አማተብኩ።

"ለድካምዎ ምን ላድርግልዎ?" ብላቸው፣ "ምንም። ክረምት ገባ አይደል? በዘነበ ቁጥር እናንተን ሳስብ እንዳላድር ነው" አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ወንበሩ ገና ያልተነቀለ አውቶብሳችን ውስጥ ተቀምጬ ነው። ደመናው ከብዷል። ይዝነብ።