አባባ ቦታቸውን የለቀቁ ዕለት

ውድ እህቴ ኔሊዳ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ማርኮስስ እንዴት ነው? ሉሲላስ፣ ያቺ ለፍላፊ፣ ትምህርት ቤቱን ለመደችው ወይ? ወገብሽን አሁን እንዴት አደረገሽ? ባለፈው የላክሽውን ፎቶ አይታ እማዬ «ልጄ ከስታለች» ብላ እህል አልወርድ ብሏት ነበር፤ ሰፊ ካፖርት ለብሳ ነው ብዬ ስምል ስገዘት ነው ያረጋጋኋት። እዚያ ስፔን፣ ቪጎ ብርዱ ገብቷል አሉ። ደርበሽ ልበሺ እንጂ፣ ዓሣ ፋብሪካው ውስጥም እግርሽን ከውሃ ጠብቂ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ምንም አትልም። ግራሲዬላም ልጆቹም ደህና ናቸው። ወንዙ ዘንድሮ ሳይሞላ ቀርቷል፣ ሙቀቱ ግን ከአሁኑ ጀምሯል፤ ትንኙንማ ታውቂዋለሽ።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «አባባ እስከ ዛሬ ዘግተውሃል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ለዚህ ጥያቄ የምመልሰው ስላጣሁ ነው ይሄን ያህል የዘገየሁብሽ። ዛሬ እሁድ ነው፣ ምሳ ተበልቶ ሁሉም ጋደም ብሏል። ከመጀመሪያው ልንገርሽ ብዬ ቁጭ ብያለሁ።

በኤፕሪል እኛ የሞሊኖ ክለብ ስራ አመራሮች ናዌልን ለአንድ የቦነስ አይረስ ቡድን እንደሸጥነው ጽፌልሻለሁ። የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ዳዴ ሲል ጀምሮ አባባ የሚያውቁት፤ ጎል የሚያገባልንም እሱ ብቻ ነበር። ግን ምን እናድርግ? የደጋፊው ደረጃ ከስሩ ተሰንጥቆ ሜዳውን ሊዘጉብን ነበር። እጅ አውጡ ሲባል አወጣሁ። ዛሬም ቢጠይቁኝ አወጣለሁ፤ ደረጃው ተደርምሶ ሰው ከሚያልቅ ብንሸነፍ ይሻላል። እዚያ ደረጃ ላይ የሚቆሙት እኮ ራሳቸው አባባ ናቸው! እሳቸው ግን «የሰፈሩን ልጅ የሸጠ ሰው እኔን ምን ብሎ ያናግረኛል» ብለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጉኝ። እሁድ እሁድ ምሳ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው «ኢርማ፣ ለክቡር ስራ አመራሩ ንገሪያቸው፣ ጨው ያቀብሉኝ» ይላሉ። እማዬ ምስኪን «ኦስማር፣ ጨው አቀብላቸው» ትለኛለች። ለእሷ እሰጣለሁ፣ እሷ ለእሳቸው ትሰጣለች። ሳቅሽ አይደል? እኔን ግን አላሳቀኝም።

ናዌል ከሄደ በኋላ ቡድኑ እንዳይሆን ሆነ። በሜዳችንም ከሜዳችን ውጪም መቀጥቀጥ ሆነ ስራችን። ደጋፊው ጀርባውን ለጨዋታው ሰጥቶ፣ ፊቱን ጥላ ፎቅ ላይ ወደተቀመጥነው ወደ እኛ አዙሮ፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ይሰድበን ጀመር። በመጨረሻ ጋሽ ጋርቢኖ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ ፕሬዚዳንታችን፣ ስብሰባ ላይ ብድግ ብለው «ከእንግዲህ ጥላ ፎቅ የሚባል ነገር የለም። ወርደን ከሰዉ ጋር እንቀመጣለን። የሚሰድበንም ዓይን ዓይናችንን እያየ ይስደበን» አሉ። ሁላችንም ፈርተን ነበር፣ ግን ማን ደፍሮ ፈራሁ ይላል? እኔማ ከሁሉም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለክለቡ ብዬ አልነበረም። አባባ አጠገብ ለመቀመጥ ምክንያት ስላገኘሁ ነው።

የመጀመሪያው እሁድ ጋሽ ጋርቢኖ እጥፋቱ እንኳ ያልለቀቀ አዲስ ማሊያ ለብሰው ከች አሉ። ባለ ስጋ ቤቱ ቺቾ፣ አፉ መቼ አርፎ ያውቃል፣ «ጋሼ፣ ዋጋው ተለጥፎበታል! እሱንም እንዳይሸጡት!» አላቸው። ያ ስንት የለፋንበት የተጠገነ ደረጃ በሳቅ ዳግመኛ ሊሰነጠቅ ነበር። ጋሽ ጋርቢኖም ዋዛ አይደሉም፣ «አንተን ብሸጥህ ደስ ባለኝ፣ ግን ማን ይገዛሃል» አሉት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! አንዱ ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም ይላል፣ አንዱ በረኛው መነጽር ይገዛለት ይላል፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ጋሽ ጋርቢኖ፣ የግፊት መድኃኒቱ አልሰራልኝም፣ እርስዎን ሳይ እየጨመረ ነው» ትላለች። ለካስ ስድብ ከቅርብ ሲሆን ይለዝባል፤ ሰው ጉልበቱ ከጉልበቱ ጋር የሚነካካን ሰው እናቱን ማንሳት ይከብደዋል። ጨዋታውን ግን ተሸነፍን።

እኔ በቀጥታ ወደ ቦታችን ነው የሄድኩት፣ ከመብራቱ ምሰሶ ስር፣ አንቺና እኔ አባባ ጉልበት መሃል ተቀምጠን ወዳደግንበት። አባባ አዩኝና ፔርሙሳቸውን አንስተው በመሃላችን አቆሙት። የማቴ ሻዩ ቅል መዞር ጀመረ፤ ከአባባ ወደ ቺቾ፣ ከቺቾ ወደ ባለ ዳቦ ቤቱ፣ ተመልሶ ወደ አባባ፣ እየተሞላ በአፍንጫዬ ስር ያልፋል። ዕድሜ ልኬን ከዚያ ቅል የጠጣሁት ሰውዬ፣ ያን ቀን እኔ ጋ ሲደርስ ይዘለኛል። ቺቾ እንኳ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። ስድቡን ሁሉ ችዬው ነበር፣ ይሄ ግን አንገበገበኝ።

ቢሆንም በሚቀጥለውም በሚቀጥለውም ጨዋታ ሄድኩ። አንድ ቀን ሽንቴ ወጥሮኝ ከደረጃው ጀርባ ወዳለው ሽንት ቤት ወረድኩ። ቁልፌን እንኳ ሳልፈታ፣ ጎል! ምድር ተናወጠ። ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ሽቅብ ሮጥኩ። ሰዉ ሁሉ ተቃቅፎ ይዘላል። ቺቾ አየኝና «አንተ፣ የት ነበርክ?» አለኝ። ሽንት ቤት አልኩት። እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሰራለህ? ተመለስ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። ተመለስኩ። ምን ብዬ እከራከራለሁ? እኔም ብሆን የምለው ያንኑ ነበር። ጨዋታው እስኪያልቅ ከደረጃው ጀርባ ያለውን ግንብ ተደግፌ ቆየሁ፣ አሸነፍን።

በሚቀጥለው ጨዋታ ረስተውታል ብዬ ቦታዬ ተቀመጥኩ። መቀመጫዬ ሳይሞቅ ገባብን። አንድ በአንድ ዞረው አዩኝ። ራሴ ተነስቼ ሄድኩ። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ አቻ ሆንን። አለቀ በቃ! እግረ ደረቅ የሚል ስም ወጣልኝ። ጋሽ ጋርቢኖ፣ ያን ያህል የተማሩ ሰውዬ፣ ትከሻዬን ይዘው «ኦስማር ልጄ፣ እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም፤ ግን ለክለቡ ስትል እዚያው ቁምልን» አሉኝ። ሌሎቹ ስራ አመራሮች ከሰዉ ጋር ቋሊማ በዳቦ እየበሉ ሲሰደቡ፣ እኔ የብርዱን ወራት በሙሉ በሽንት ቤቱና በኤልቢራ የቋሊማ ምድጃ መሃል ቆሜ አሳለፍኩ። ጨዋታውን በጆሮዬ ብቻ ነው የምከታተለው። ኤልቢራ ቋሊማዋን እየገለበጠች «ይሄ ጩኸት የማዕዘን ምት ነው፣ ይሄ ደግሞ ዳኛው ነው» ትለኛለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ትሳሳታለች።

አባባ አጠገብ ልቀመጥ ብዬ ወርጄ ይኸው ግንብ በመሃላችን ገባ። እማዬን «ምን ይላሉ?» ብዬ ስጠይቃት «ምንም አይሉም፣ ገዱን አትንኩ ነው የሚሉት» አለችኝ። ታውቂያቸዋለሽ እኮ። አንቺ የተወለድሽ ዕለት ቡድኑ እየመራ ነበርና ቦታቸውን ለቅቀው አልተነሱም፤ እማዬን ሆስፒታል ያደረሳት የጎረቤት የጭነት መኪና ነው። እማዬ እስከ ዛሬ እየሳቀች ታወራዋለች፣ ሳቋ ግን ሁልጊዜ ሳቅ አይደለም። በዚህ ዕድሜያቸው እንኳ ሽንታቸውን ይዘው ዘጠና ደቂቃ ይቀመጣሉ፣ ቢነሱ ጎል ይገባብናል ብለው። ስለዚህ አልፈረድኩባቸውም። ቅር ግን ብሎኛል፣ ለምን እዋሽሻለሁ።

ያለፈው እሁድ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። አቻ ከወጣን እንተርፋለን፣ ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ሊግ እንወርዳለን። ከተማው እንዳለ ሜዳው ላይ ነው፣ ሱቅ የሚባል ክፍት አልነበረም። እኔ ማንም ሳይልከኝ በጊዜ ሄጄ ግንቤ ስር ቆምኩ። ባዶ ለባዶ እንዳለን ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀር ከደረጃው በኩል የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አባባ ናቸው። ፔርሙሱን በብብታቸው ይዘው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ክው አልኩ። ታመው ነው ብዬ ሮጥኩ። «አባባ፣ ምን ሆኑ? ልብዎን ነው?» አልኳቸው። ኤልቢራን «እስቲ አንድ የጠርሙስ ሳጥን ስጪኝ» አሏትና ገልብጠው ተቀመጡበት። ቅሉን ሞሉ። የመጀመሪያውን፣ መራራውን፣ እንደ ደንቡ ራሳቸው ጠጡት። ሁለተኛውን ሞልተው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ዓይናቸው ግን ግንቡ ላይ ነው።

ተቀብዬ ጠጣሁ። በጥድፊያ ምላሴን አቃጠልኩት፤ ቀስ ብል ኖሮ ሳላለቅስ አልቀርም ነበር።

ቅሉን ገና ሳልመልስላቸው ከወዲያኛው ማዶ፣ ከእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች በኩል፣ ጩኸት ፈነዳ። የእኛ ደረጃ ዝም አለ። ያን ዝምታ ሳልነግርሽም ታውቂዋለሽ። ኤልቢራ መገልበጫዋን እንደያዘች ቀረች። ከግንቡ በላይ የቺቾ ራስ ብቅ አለ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «ጋሽ ኤቬሊዮ! ምን አደረጉን? ቦታዎን ሲለቁ አይደል እንዴ የገባብን! ኧረ ይመለሱ፣ በእናትዎ!» እያለ ይጮሃል። አባባ ቀና ብለው አዩትና «አዎ፣ እኔ ነኝ። ለሁሉም ንገር፣ ኤቬሊዮ ቦታውን ለቅቆ ነው የገባብን በላቸው። ልጄን ከእንግዲህ እግረ ደረቅ የሚለው ሰው መጀመሪያ እኔን ያናግረኝ» አሉት። «አባባ፣ ይመለሱ፣ ገና ጊዜ አለ» አልኳቸው። «ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። ከኤፕሪል ወዲህ ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው።

አልተመለሱም። ተሸንፈን ወደ ታችኛው ሊግ ወረድን። ጋሽ ጋርቢኖ ማሊያቸው ላይ እንባቸው እየወረደ ሲያለቅሱ ቺቾ አቅፎ «አይዞዎት ጋሼ፣ አሁንስ ማሊያው አሮጌ ሆነልዎ» እያለ ቤታቸው ድረስ ሸኛቸው። ጥላ ፎቁንም ለጡረተኞች ሰጥተውታል፣ ወደዚያ መመለስ የሚፈልግ ስራ አመራር የለም። ከተማው ግን ጥፋተኛውን አግኝቷል። አባባ ዳቦ ቤት ሲገቡ «ጋሽ አውራጁ መጡ» ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። እማዬ እንደምትለኝ ግን እንቅልፍ የላቸውም። እኔና አንቺ እንደምናስበው እንዳይመስልሽ፣ እሳቸው ከልባቸው ያምኑበታል። ከተነሱ እንደሚገባብን እያመኑ ነው የተነሱት፣ ኔሊዳ።

ዛሬ ምሳ ላይ እማዬ ከልማዷ የተነሳ ገና ሳይጠይቋት «ኦስማር፣ ጨው አቀብላቸው» አለችኝ። አባባም «ምነው ኢርማ፣ ልጁ ጆሮ የለውም እንዴ? እኔው እነግረዋለሁ» ብለው ዞሩና «አምጣ» አሉኝ። እማዬ ዳቦ ላምጣ ብላ ወጥ ቤት ገባች፣ ዳቦው ጠረጴዛው ላይ እያለ። እስክትመለስ ቆየች። እንግዲህ የጥያቄሽ መልስ ይሄ ነው።

ግራሲዬላ ሰላም ትልሻለች፣ ሹራቡን ጨርሼዋለሁ፣ የሚመጣ ሰው ካለ እልከዋለሁ ብላለች። ልጆቹ ሉሲላን ስልክ ቁጥሯን እንድትልክላቸው ይጠይቃሉ፣ ስልኩን ማን እንደሚከፍል ግን አልጠየቁም። ማርኮስን ሳሚልኝ፣ ለእሱ ቡድንም አይዞህ በይው። ቺቾም ሰላም በልልኝ ብሏል። እማዬ ጉንጮችሽን ስማሻለች፣ እህል ብይ ብላለች። ለአባባ «ለኔሊዳ ምን ልበልልዎ?» ስላቸው መጀመሪያ «ደህና ነኝ በላት» ብለው ወደ መኝታቸው ሄዱ። በር ላይ ደርሰው ቆሙና «ጻፍላት፣ እሷ የተወለደች ዕለትም መነሳት ነበረብኝ በላት» አሉኝ።

ወንድምሽ ኦስማር
ፑዌርቶ ሳንሲሞን፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1996