ሲመሽ የማታይ ፍየል

መጋቢት 21
ውሃ ቀዳሁ። ለፍየሏ ካርቶን ቀደድኩላት፣ ጭድም ጨመርኩ። ዝናብ የለም። ልጄ ቤዚ ዓምና ፍየሏን በጭነት መኪና ላከችልኝ እንጂ እሷ ካገባችበት አገር ከኡራን አልመጣችም። ምን ትምጣ? “ያንን ከብት ጠባቂ ካገባሽ ደጄን እንዳትረግጪ” ብያታለሁ። ያልኳትን ሁሉ ሰምታኝ አታውቅም፤ ይህችን ብቻ ሰማች።

መጋቢት 24
ፍየሏ ታስላለች። ዓይኗም ያለቅሳል። በሽታ ትለቅማለች ብዬ ከሰፈር መንጋ ጋር አሰማርቻት አላውቅም። ታዲያ ከየት አመጣችው?

መጋቢት 27
አመሻሽ ላይ ፍየሏ ባልዲውን ደፋች፣ ከዚያ በሩን ገጨች። ጎረቤቴ ሀቢባ ሳቀች።
“ጤናዬ፣ ፍየልሽ ሰከረች እንዴ?”
“ያንቺ ዓይን ነው ያሰከራት።”
ተኮራርፈን ገባን።

መጋቢት 28
ሀቢባ ኩርፊያዋን ትታ የከብት ሐኪሙን ሀልካኖን ይዛልኝ መጣች።
“እማማ፣ ምን ትበላለች?”
“ካርቶንና ጭድ።”
“አረንጓዴ ነገርስ?”
“ከየት አባቴ ላምጣ?”
ቪታሚን ኤ አጥታ ነው አለ። ቃሉን ቀስ ብሎ ነገረኝ፣ ቀስ ብዬ ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው... ያለ ቪታሚኑ ዓይን ሲመሽ ይታወራል፤ የአፍንጫና የሳንባ የውስጥ ገበር ይደርቃል። በሽታ መቼም አይጠፋም፣ ሰውነቷ ግን በሽታውን መከላከል አቅቶታል። እኔ ደግሞ በር ዘግቼ የጠበቅኳት መስሎኝ!
መርፌ ወጋት። “ይሄ ለጊዜው ነው። ለምለም ካላገኘች ይመለስባታል።”
“ለምለም የት አለ?”
“ዝናብ የጣለው ኡራን ነው።”
ሀቢባ እኔን አየችኝ። እኔ ፍየሏን አየሁ።

ሚያዝያ 4
ሳሉ አልለቀቃትም። ሀቢባን “አንቺ ኡራን ውሰጂልኝ” አልኳት።
“ልጅቷ ያንቺ ናት የኔ?” አለችኝ።

ሚያዝያ 5
የኡራን መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ በር እወጣለሁ። ለሰው አልናገርም። እዚህ ግን ልጻፈው... የቤዚ ሳቅ ናፍቆኛል።

ሚያዝያ 9፣ ኡራን
እኔና ፍየሏ ስንደርስ ጀምበር ጠልቃለች። የቤዚ ባል ቱፋ ፍየሏን አወረደልኝ። “እንኳን መጣሽ፣ እማዬ” አለ በተሰባበረ አማርኛው። ፍየሏ በድንግዝግዙ መንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ አይታ ዞራ አለፈችና ሣሩ ውስጥ ገባች። ቤዚ በሩ ላይ ቆማለች።
“ደጄን እንዳትረግጪ ብለሽኝ...”
“እኔ ያንቺን ልርገጠው?”
መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች። ያው ሳቋ ነው።
ፍየሏ እዚሁ ትቀራለች። እኔ? መኪናው ሐሙስ ይመለሳል አሉ። የቱ ሐሙስ እንደሆነ አልጠየቅኩም።