ስተኛ የሚብስብኝ ሕመም

ሄርማታ፣ ጅማ
ነሐሴ 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ በዚህ ክረምት ጠናብዎ ወይስ አላህ አራራልዎ? እኔ በእርስዎ ዱዓ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እንደ ድሮው ለወግ አይደለም። ጽሕፈቴ ቢወላገድ ይለፉኝ፤ መሠረተ ትምህርት ገብቼ የተማርኩት ነው። የሚያነብልዎ የእህትዎ ልጅ ፈድሊያ ብቻ ትሁን።

በወንድሜ ትከሻ ተደግፌ ከአጋሮ ከወጣሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ያኔ ሁሉም የወሊድ ብርድ ነው አለ። ወገቤን በቅቤ አሹኝ፣ ቁርአን ቀሩብኝ፤ እግሬ ግን ከቀን ቀን እየከዳኝ ሄደ። ባሌ ሸኩርም ታማሚ ሚስት ታከተውና ከድጃን አገባ። ልጅዎ ነውና ብዙ አልናገርም።

ወንድሜ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት። ጋደም ካልኩ ወገቤን በጋለ ብረት የሚወጉኝ ይመስለኝ ነበር። ኅዳር ላይ ወንድሜ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ ኩባዊ ነው፤ ብርሃንነሽ የምትባል ነርስ ታስተረጉምለታለች። ስትሄጂ ነው ወይስ ስትተኚ የሚብስብሽ? አለኝ። ስተኛ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ ሽንት ያመልጥሻል? አለ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሟል። ኧረ በጭራሽ! አልኩ።

ብርሃንነሽ ፊቴን አይታ ወንድሜን ካርድ አምጣ ብላ ላከችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኦቦሌቲ ኮ፣ ሂን ቃናኢን» አለችኝ፤ እህቴ፣ አትፈሪ። እናቴ፣ አለቀስኩ። ይህን ጉድ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ፍራሹን ሰው ሳያይ የሚያጥቡልኝ፣ ሸኩር ሲጠይቅም «የሕፃኗ ነው» የሚሉልኝ እርስዎ ነበሩ። ለብርሃንነሽ ሁሉንም ነገርኳት።

ሐኪሙ መቀመጫዬን በመርፌ ነካ ነካ አደረገኝ፤ አልተሰማኝም። ከአከርካሪዬ ውሃ ቀዳ፤ እንደ እርድ ቢጫ ነበር። ይህ ብርድ አይደለም፣ ውስጥ የበቀለ ነገር አለ አለ። ቀበሌው የይለፍ ወረቀት እስኪሰጠን ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሄድን። እዚያ ጀርባዬ ውስጥ መድኃኒት ወግተው ራጅ አነሱኝ። መድኃኒቱ አንድ ቦታ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ብዙ ጊዜ የማይገጥም እባጭ ነው አሉኝ፤ ነቀርሳ አይደለም፣ ወደ ሌላ አካልም አይሄድም፣ ግን የእግሬንና የሽንቴን ነርቮች አንቆ ይዟል። ብተወውስ? አልኩ። አልጋ ላይ ትቀሪያለሽ አለ ሐኪሙ። ብታወጡትስ? እርግጠኛ አይደለሁም፤ ዘግይተሻል አለኝ። ስላልዋሸኝ አመንኩት።

ጥር ላይ አወጡት። አውራ ጣት ያህል ነበር አሉ። በስምንተኛው ቀን የእግሬ ጣት ተንቀሳቀሰ። በሦስተኛው ወር ሽንቴን መያዝ ቻልኩ፤ አልሐምዱሊላህ። አሁን በከዘራ እሄዳለሁ፤ ግራ እግሬ ብቻ ትንሽ ይጎተታል።

አሁን የሆዴን ልንገርዎ። ስወጣ «ሱዓድ ትቅር» በማለትዎ ተቀይሜዎ ኖሬያለሁ። ይዣት ደጃፉ ላይ የወደቅኩ ዕለት ግንባሯ ሲደማ ያዩት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ሳስበው፣ በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም አልሰጥም ነበር።

ብርሃንነሽ፣ ድነሻል፣ ሂጂና ልጅሽን ውሰጂ ትለኛለች። ሰኔ ላይ ለዚሁ አጋሮ መጥቼ ነበር፤ አልነገርኩዎም። ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየኋቸው። ሱዓድ የከድጃን ቀሚስ ይዛ፣ እማዬ ደከመኝ አለቻት። ከድጃ ቅርጫቷን አስቀምጣ አዘለቻት። እኔ ሸክም ተከልክያለሁ። በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ።

ለአረፋ ኢንሻአላህ ልጠይቅዎ እመጣለሁ። ከድጃ ስጋት አይግባት። ልጅቷ ይህች ማን ናት ብላ ከጠየቀችዎ፣ ከታች እንደፈረምኩት ይንገሯት።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ቤታችሁን በበረካ ይሙላው።

የሱዓድ አክስት