የጥቁሬ ባሕር ዳርቻ ጆሮ፦ የአቶ ገነነ ሰይፈ የሕይወት ታሪክ

አቶ ገነነ ሰይፈ ከአባታቸው ከአቶ ሰይፈ ገደፋው፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ወይኒቱ መልካሙ፣ በቡሬ አቅራቢያ ጥቁሬ ባሕር ከተባለው ሐይቅ ዳርቻ በኅዳር ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። በደብሩ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ከደገሙ በኋላ ቡሬ ገብተው ስድስተኛ ክፍል ጨረሱ። አባታቸው ሲያርፉ ግን እርሻውን የሚይዝ ሌላ ወንድ ልጅ ስላልነበረ ትምህርታቸውን ትተው ተመለሱ።

በ1969 ዓ.ም. ከወይዘሮ ቻይነሽ ጌታሁን ጋር ጋብቻ መሥርተው እማዋይሽን፣ ክንዱንና ያምሮትን ወልደዋል። ልጆቹ ያደጉባትን ቤት ከውኃው ዳር የሠሩት በራሳቸው እጅ ነው። ለረጅም ዘመን የመንደሩ እድር ዳኛ ነበሩ። ጥሩንባ ተነፍቶ ከቀብር የቀረን ሰው ሲቀጡ ዘመድ እንኳ አይለዩም ነበር።

በ2009 ዓ.ም. በባሕሩ ዙሪያ ለውኃው ጥበቃ የሚከለለው መሬት ስፋት ሊወሰን ስለሆነ ባለይዞታዎች ቡሬ መጥተው ሐሳብ እንዲሰጡ የሚጠራ ማስታወቂያ በከተማው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የዳርቻው ሰው ከተማ የሚገባው ለገበያ ነው፤ ሰሌዳ የሚያይ የለም። አቶ ገነነ ግን አንብበው ለሁሉም ነገሩ። በስብሰባው ቀን ጠዋት ጥሩንባ ተነፋ፤ የጎረቤታቸው እናት አርፈው ነበር። አንድ ሰው ተለይቶ ወደ ስብሰባው ይሂድ ቢባል፣ «ሬሳ አጋድሞ ስለ አጥር የሚያወራው ማን ነው?» ብለው አቶ ገነነ ከለከሉ። መንደሩ እንዳለ ቀብር ዋለ። ውሳኔውም ያለ ተቃውሞ ጸደቀ፤ በሳምንቱ ችካል ሲተከል ቤታቸው ከችካሉ ወዲያ፣ በውኃው በኩል ቀረ።

በተከለለው መሬት ውስጥ ያለ ቤት አይታደስም፣ አይሸጥም፣ ለልጅም አይተላለፍም። ምትክ ቦታም አልተሰጣቸውም። ጣሪያውን ሊለውጡበት የገዙት ቆርቆሮ ዛሬም ግድግዳው ሥር እንደተደገፈ ነው። ወይዘሮ ቻይነሽ ክረምት በገባ ቁጥር አልጋውን ከሚያፈስበት ወደማያፈስበት ሲያዞሩ ኖሩ። ክንዱ «አባባ፣ ማን ያየናል? ቆርቆሮውን እንምታው» ሲላቸው «ችካሉ ያየናል» ይሉት ነበር።

ሆኖም ማክሰኞ ማክሰኞ ቡሬ ሄደው ሰሌዳውን እያነበቡ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለዳርቻው ሰው ያሰሙ ነበር። ጉልበታቸው ሲደክም የማክሰኞው ጉዞ በየቤቱ በተራ እንዲዳረስ አደረጉ። በእድሩም አዲስ ደንብ አስገቡ፦ ስለ ባሕሩ ስብሰባ ከተጠራ፣ ቀብር ቢገጥምም ባለተራው ሳይቀጣ ይሄዳል። ሽማግሎች ነውር ነው ቢሉ፣ «ነውርነቱ አልጠፋኝም። ያን ቀን ግን ከሟቿ ጋር ቤታችንንም አብረን ቀበርን» ብለው መለሱ።

ያቀረቡት አቤቱታ ከስንት መመላለስ በኋላ ተሰምቶ፣ የሚከለለው ስፋት እንደገና እንዲታይ ለዛሬ ተቀጠረ። እርሳቸው ግን ባደረባቸው የልብ ሕመም ፍኖተ ሰላም ሲታከሙ ቆይተው፣ ትናንት ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቤታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት የጠየቁት «የነገው ተራ የማን ነው?» ብለው ነበር።

ተራው የበኩር ልጃቸው የእማዋይሽ ነው። ለቅሶ ደራሽ ሁሉ፣ ከመቃብሩ አፍ ስላላያችኋት አትሙዋት። የአባቷን ግንባር ስማ በማለዳ ቡሬ ሄዳለች፤ ይህ ሲነበብ ከስብሰባው አዳራሽ ተቀምጣለች።

ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን እግዚአብሔር ያጽናልን። የአቶ ገነነንም ነፍስ ችካል ከማይደርስበት ርስት፣ ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።