አግብቶ ነበር

ይድረስ ለቀድሞ እጮኛዬ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የዚያ አገር ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። አባትህም ደህና ናቸው፤ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ሌላ ችግር የለባቸውም። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለብቻዬ ካነበብኩት በኋላ ለአባትህም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ቅር አይልህም ብዬ ነው።

ከሚስትህ እንደተለያየህ፣ ጠቅልለህ ልትመጣ እንደሆነና ከእኔ ጋር እንደገና መጀመር እንደምትፈልግ ጽፈሃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ፈረንሳይኛውን ገፋሽበት ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ከእሱ ልነሳ።

ገፍቼበታለሁ። ስትሄድ፣ ቋንቋውን ሳትይዢ መጥተሽ ምን ትሆኛለሽ፣ አባባ ያስተምርሽ ያልከኝ አንተ ነህ። እኔም ቀኑን ሙሉ ላውንደሪ ውስጥ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ውዬ፣ ልብሴ ላይ የእንፋሎቱ ሽታ እንዳለ፣ እናንተ ቤት እሄድ ነበር። አባትህ ጠረጴዛውን ወልውለው፣ ከረባታቸውን አስረው ይጠብቁኛል። ጡረታ የወጣ አስተማሪ መቼም ተማሪ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ለአንዲት ለእኔ ክፍል ሙሉ ሰው እንዳለ ቆመው ነበር የሚያስተምሩት። ምላሴ አልታጠፍ ሲለኝ አይቆጡም፤ ከንፈርሽን አሹለሽ እንደገና ይሉኛል።

ከሁሉ የወደድኩት የወደፊቱን ጊዜ ነው። እመጣለሁ፣ እንገናኛለን፣ ቤት እንከራያለን እያልኩ በፈረንሳይኛ ሳነበንብ አብረውኝ የሚተኩሱት ሴቶች፣ ይቺ ልጅ ሊለይላት ነው እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ያኔ አንተ ስልክ መደወል እየተውክ ነበር። ሥራ በዝቶበት ነው እላቸዋለሁ።

ከዚያ ሩቅ ኃላፊ የሚባለው ጊዜ መጣ፤ እነሱ ፕሉስ-ክ-ፓርፌ የሚሉት። ያን ቀን አባትህ አልቆሙም፣ ተቀመጡ። ይሄ አንድ ያለፈ ነገር ከመድረሱ በፊት አስቀድሞ ላለቀ ነገር ነው አሉኝ፤ እኔ ጣቢያው ስደርስ ባቡሩ ሄዶ ነበር እንደማለት። ቀጥለው ማግባት የሚለውን ግሥ ሰጡኝና፣ በይ አርቢው አሉኝ።

እኔ ቂሏ ደስ አለኝ። እጮኛ ላላት ሴት ከዚህ የተሻለ ግሥ ከየት ይመጣል? አግብቼ ነበር፣ አግብተህ ነበር እያልኩ ወረድኩበት። "ኢል ሴቴ ማርዬ"፣ አግብቶ ነበር፣ ላይ ስደርስ አባትህ እጃቸውን አነሱ። እሱን ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። አሁንም ድገሚው አሉኝ። አነጋገሬ የተበላሸ መስሎኝ ከንፈሬን አሹዬ አሳምሬ አልኩት። ቀና ስል ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። አሁን ደግሞ፣ የወደፊቱን ጊዜ ስንማር የሚለውን ከፊቱ ጨምሪበት አሉኝ።

"የወደፊቱን ጊዜ ስንማር አግብቶ ነበር።"

አንድም ስህተት አልነበረበትም። የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ሠርግህን የሰማሁት እንዲህ ነው፤ በገዛ አፌ። አንተ እኔን ፈርተህ፣ አባባ እርስዎ ቀስ ብለው ይንገሯት ብለህ ሸክሙን ለሽማግሌ አስረከብክ። እሳቸውም ዛሬ ነገ እያሉ ወራት ፈጁ። ለእኔ አዝነው መስሎኝ ነበር። ኋላ አፋጥጬ ስጠይቃቸው ግን፣ ከነገርኩሽ ትቀሪብኛለሽ ብዬ ነው አሉኝ። ልጅ አባቱን ይመስላል ማለት ይሄኔ ነው አልኩና ወጣሁ።

በማግስቱ የአንድ ደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ደረቱ ላይ አቃጠልኩ። አሠሪዬ ምን ነካሽ አለችኝ። ምንም አልኳት። ጥቂት ቀን ቆይቼ ተመልሼ እናንተ ቤት ሄድኩና ደወሉን ተጫንኩ። ምን ላደርግ እንደሄድኩ ያኔ ራሴም አላወቅኩም። አሁን አውቃለሁ።

ትምህርቱን ቀጠልን። አንድ ከሰዓት በኋላ አባትህ፣ አንቱ እያለ የሚጠራኝ ሰው ሞልቷል፣ አንተ የሚለኝ ግን ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የለም አለኝ። እኔ "አንተ" አልኩት።

ትወጂዋለሽ ወይ ትለኝ ይሆናል። ደግ ሰው ነው። ሻዩን እኔ ሳልቀዳ አይጠጣም። አንዳንዴ ጀርባውን ሳሸው እጄ ያንተን ትከሻ ያገኛል፤ ቁርጥ የአንተን። ያኔ እጄን እሰበስባለሁ። ደክሞሽ ነው ይለኛል። አዎ እለዋለሁ።

ይሄን ስጽፍልህ ከጎኔ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ እያነበበ ነው። ምን እያልሽው ነው አለኝ። ስለ ትምህርቴ ጠይቆኝ እየነገርኩት ነው አልኩት። እባክሽ አታስከፊው፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የለኝም አለኝና ወደ ሆዴ አይቶ እየሳቀ ንግግሩን አረመ።

እንግዲህ ና፤ ቤቱ የአባትህ ነው። ክፍልህን ግን ቀለም ቀብተን መጋረጃውን ቀይረነዋል፤ ከአንተ ቀድሞ የሚደርስ ሰው አለ። ለአንተ ሳሎን ውስጥ እናነጥፍልሃለን።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

አክባሪህ፣
እንጀራ እናትህ